«ጽሑፉ እንደሚለው» ብቻ አይበቃም፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ
ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለዞናችን የእንግሊዝኛ መምህራን በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

በዞናችን ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ተማሪዎቻችን ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙትን ገጽ እየመረመሩ እንዲያነቡ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እናስተምራቸው። አዲስ የትምህርት ዓይነት ይከፈት አላልኩም። አዲስ መጽሐፍ ይታተምም አላልኩም። ንባብ የምናስተምርበት መንገድ ይቀየር ነው የምለው።

«ይሄ የአይሲቲ መምህሩ ሥራ ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አይሲቲ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተምራል። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ተማሪ ግን የሚታለለው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ስላላወቀ አይደለም። ያነበበውን ማን እንደጻፈው ሳይጠይቅ ስላመነ ነው የሚታለለው። ይሄ ደግሞ የንባብ ጉዳይ ነው፤ ንባብ የኛ ሥራ ነው።

እስቲ የንባብ ክፍለ ጊዜያችንን እንየው። ምንባቡ መጽሐፉ ላይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ አይታይም። ከሥሩ ጥያቄዎች ይደረደራሉ። ብዙዎቹ «አኮርዲንግ ቱ ዘ ፓሴጅ» ብለው ይጀምራሉ፤ ጽሑፉ እንደሚለው መልሱ የቱ ነው? ተማሪው ምንባቡ ውስጥ ይገባል፣ መልሱን ይፈልጋል፣ ይዞ ይወጣል። «ለመሆኑ ይሄ ጽሑፍ ልክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሰዓት አባከነ። ፈተና ላይም አንድ ነጥብ አያገኝበትም። እንዲህ እያልን ዓመታት እናለማምደዋለን። ከዚያ ስልክ ይይዛል። ስልኩ ላይ የሚያገኘውን እንግሊዝኛ ሁሉ ልክ እንደ ምንባብ ያነበዋል። ያስተማርነውን ነው የሚያደርገው።

ክፍሌ ውስጥ ያየሁትን ላካፍላችሁ። በመምህራን ዘንድ የታወቀ አንድ የእንግሊዝኛ ድረ ገጽ አለ። ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦክቶፐስ ያወራል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ደን ውስጥ ይኖራል፣ ዝርያው ሊጠፋ ነው፣ እንታደገው ይላል። ፎቶ አለው። ሳይንሳዊ ስምም አለው። እንዲህ ያለ እንስሳ ግን ምድር ላይ የለም። ገጹ እ.ኤ.አ. በ1998 ለቀልድ የተሠራ ነው። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሉ እና ባልደረቦቹ ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አሳይተውት ነበር። አብዛኞቹ ልጆች አመኑት።

እኔም ገጹን አትሜ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አደልኩ። በቡድን ሆነው አነበቡ። የማያውቁትን ቃል ጠየቁ። ኦክቶፐስ ምን እንደሚመስል ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። የተለመዱትን የመረዳት ጥያቄዎች ጠየቅኳቸው፣ ጥሩ አድርገው መለሱ። ከዚያ «ይሄ እንስሳ በእውነት አለ?» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆነባቸው። አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ነው'ኮ የተጻፈው» አለች። ብዙዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ናት። ፌስቡክ ላይ በአማርኛ የሚወራውን ሁሉ አታምንም፤ «ወሬ ነው» ብላ ታልፋለች። እንግሊዝኛ ግን ለሷ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። የፈተና ቋንቋ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሰጣት ወረቀት ቋንቋ ነው። ሰው በዚህም ቋንቋ እንደሚዋሽ ማንም አሳይቷት አያውቅም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስንሰጣት፣ ይህን ማሳየት የማን ድርሻ ነው? እኔ የእንግሊዝኛ መምህሩ ነው እላለሁ።

የዚያን ቀን ወረቀቱን ደግመን አነበብነው። አሁን ግን ሌላ ነገር እየፈለግን ነው። ማን ጻፈው? ስሙ አለ? ሌላ ሰው ስለዚህ እንስሳ ጽፏል? ከኋላ የተቀመጠ፣ እንግሊዝኛ መናገር የማይደፍር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ባዮሎጂ ላይ ኦክቶፐስ የሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ ነው ተብለናል። ዛፍ ላይ በምን ይተነፍሳል?» አለ። በአማርኛ ነው የጠየቀው። እንግሊዝኛውን አብረን ሠራነው። ስንት ጊዜ ለምኜው አፉን ያልከፈተ ልጅ፣ የሚጠይቀው ነገር ሲያገኝ ተናገረ።

ነገሩ ክፍል ውስጥ ቢቀር ባልጻፍኩ። ከመንዝ ወገን መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ ነበረን። ስንቁን ከቤት እያመጣ ነው የሚማረው። ስልኩ ላይ ስለ ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚናገር ገጽ አገኘ። እንግሊዝኛው ያማረ፣ ሎጎው የተዋበ፣ የሕንፃ ፎቶ የተደረደረበት ነው። ቅጹን ሞላ። «ኮንግራቹሌሽንስ» የሚል መልስ መጣለት። ቀጥሎ የማስፈጸሚያ ክፍያ ተጠየቀ። አባት በግ ሸጠው ላኩ። ሁለተኛ ክፍያ ሲመጣ ነው ልጁ ወደ እኛ የመጣው። ደብዳቤውን አብረን አነበብነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነኝ የሚለው አካል ብሩን የሚቀበለው በአንድ ግለሰብ የሞባይል ቁጥር ነው። እዚያው ደብዳቤው ላይ፣ ፊት ለፊት ተጽፏል። ልጁ አንብቦታል። የተጻፈውን እንጂ የጻፈውን እንዲጠይቅ ግን አልተማረም።

የፈተናውን ጉዳይ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው ተሰርዟል፤ በኋላም እንደገና ተሰጥቷል። ያ አንድ ጊዜ እውነት ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲህ «ፈተናው እጃችን ላይ ነው» የሚል ሁሉ የሚያምነው ያገኛል። የቴሌግራም ቻናል ይከፈታል፣ ብር ይሰበሰባል፣ ቻናሉ ይዘጋል። ውጤት ሲደርስ ደግሞ «ውጤት እዚህ እዩ» የሚሉ አድራሻዎች ይፈላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ያተርፋል። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አድራሻ የሚያበቃው «ኢኤኢኤስ ነጥብ ኢቲ» በሚል ነው። አድራሻ ሲነበብ ዋናው ቦታ «https://» ከሚለው መነሻ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለው ስም መጨረሻ ነው። የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። አታላይ የአገልግሎቱን ስም ከፊት ይለጥፍና መጨረሻውን ሌላ ያደርገዋል። ልጆቻችን ከግራ ጀምረው የሚያውቁትን ስም ሲያዩ ያቆማሉ። ከአድራሻው ጎን የምትታይ የቁልፍ ምልክትም አታድንም። የቁልፍ ምልክት በመሐል ሌላ ሰው መልእክትህን አያነብም ማለት ነው። ከወዲያ ያለው ሰው ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም። «ነጥብ ኦርግ» የሚል አድራሻም እንዲሁ፤ ማንም ከፍሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። «ኦርግ ከሆነ የታመነ ነው» ብለን የምናስተምር መምህራን ካለን እናቁም።

ወሬ በዚህ ዞን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲነካ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የነበረ ሰው ያስታውሳል። አንዱ ስልክ «ደረሱ» ይላል፣ ሌላው «ተመለሱ» ይላል። ቤቱን ጥሎ የሚወጣውም፣ የሚቆየውም በስልኩ ላይ ባየው ነበር የሚወስነው። ያኔ የማጣራት ልምድ ያለው ሰው በቤቱ ቢኖር ምን ያህል ይጠቅም ነበር! ተማሪዎቻችን ለብዙ ቤተሰብ አንባቢዎቹ እነሱ ናቸው። አባት ስልኩን አውጥቶ «ምን ይላል?» የሚለው ልጁን ነው።

አሁን እንዴት ይሰጥ ወደሚለው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ ሰዋስው። ፓሲቭ ቮይስ እናስተምራለን። እንዴት? አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ቀይር፣ አሥር ዓረፍተ ነገር፣ ቤት ሥራ። ተማሪው ይቀይራል፣ ግን ለምን እንደሚቀየር አያውቅም። አንድ የመድኃኒት ማስታወቂያ ገጽ አምጥታችሁ «ኢት ሀዝ ቢን ፕሩቭን» የሚለውን አስምሩበት። ተረጋግጧል። ማን አረጋገጠው? አድራጊው ጠፍቷል። ወደ አክቲቭ ቀይሩት በሏቸው። አይችሉም፣ ባለቤት የለውምና። ፓሲቭ ቮይስ ምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባቸዋል፣ አይረሱትምም። «ኤክስፐርትስ ሴይ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የትኞቹ ኤክስፐርቶች? «ሜይ» እና «ዊል» ያላቸው ልዩነት ደግሞ ስለ ስኮላርሺፕ በሚያወራ ገጽ ላይ ከየትኛውም ሠንጠረዥ በላይ ይታያል። «ልታገኝ ትችላለህ» እና «ታገኛለህ» ሲለያዩ በግ የሚያስሸጥ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ከልማዳችን ይርቃል። እኛ «ገጹን በጥንቃቄ አንብብ» እንላለን። ይህ ብቻውን አይሠራም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግ እና ሳራ ማግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 45 ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው አነባበባቸውን ተከታተሉ። 10ሩ በታሪክ ዶክትሬት ያላቸው ምሁራን፣ 10ሩ የመረጃ ማጣራት ባለሙያዎች፣ 25ቱ የስታንፎርድ ተማሪዎች ነበሩ። የሁለት የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ገጾች አሳዩዋቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1930 የተቋቋመና ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ትልቁ ማኅበር ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2002 ተገንጥለው የወጡ ጥቂት ሐኪሞች ያቋቋሙት ትንሽ ቡድን ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ገጾች የተዋቡ ናቸው። አጣሪዎቹ ሁሉም ትልቁን ለዩ። ከታሪክ ምሁራኑ ብዙዎቹ አመነቱ፣ ሁለቱም የታመኑ መሰሏቸው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ትንሹን ቡድን መረጡ።

ልዩነቱ ምን ነበር? ምሁራኑና ተማሪዎቹ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሳያነቡት ትተውት ወጡ። ሌላ መስኮት ከፈቱና ሌሎች ስለዚህ ድርጅት ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ገበሬ ሻጩን ብቻ ጠይቆ አይገዛም፤ ሻጩን የሚያውቁትን ይጠይቃል። ተማሪዎቻችን ከቤታቸው የሚያውቁት ነገር ነው። ስልክ ላይ እንደሚሠራ ነው ያልነገርናቸው። ስለራሱ ሲጽፍ ማንም ጥሩ ይጽፋል።

ለዚህ ዊኪፔዲያ ይጠቅማል። «ዊኪፔዲያ አትጠቀሙ» ብለን የምንከለክለው በደፈናው ነው። ማንም ሊያስተካክለው መቻሉ እውነት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ግን ስለ አንድ ድርጅት ወይም ጋዜጣ ማንነት የመጀመሪያ ፍንጭ ለማግኘትና ከሥሩ የተዘረዘሩትን ምንጮች ለመከተል ጥሩ መነሻ ነው። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴ ያልታተመ መጽሐፍ ከነደራሲው ፈጥሮ በሚያምር እንግሊዝኛ ይሰጣል። ልጆቹ እየተጠቀሙበት ነው፣ ዝም ብንልም ይቀጥላሉ።

የራሳችንን አገር ገጾች ስናነብ ደግሞ ልጆቹ ይነቃሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አንዱ የእንግሊዝኛ ገጽ 120 ይላል፣ ሌላው 130። ከየት እስከ የት ለኩ? በመንገዱ ነው ወይስ በአየር? አሥረኛ ክፍል ይከራከራል፣ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ አስተያየት አለው። ዐፄ ምኒልክ የት ተወለዱ? አንጎለላ የሚልም አለ፣ አንኮበር የሚልም አለ። ከአንጎለላ አቅራቢያ የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ክርክሩ ይሞቃል። እዚያ ላይ ነው መምህሩ «እሺ፣ ይህ ጸሐፊ ከየት አገኘው? ምንጩን ጠቅሷል?» የሚለው። የልጁ ኩራት ማስረጃ ፍለጋ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በእንግሊዝኛ ነው።

«ኢንተርኔት የለንም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳዋል? ከከተማ ራቅ ያሉ ትምህርት ቤቶች መብራትም የላቸውም። ግን ገጽን መመርመር በወረቀት ይማራል። የኦክቶፐሱን ትምህርት ያስተማርኩት በወረቀት ነው። አንድ መምህር ኔትወርክ ባለበት ቦታ ገጹን ያወርዳል፣ ስለገጹ ባለቤት ሌሎች የጻፉትን ሁለት ሦስት አጭር ጽሑፍ ጨምሮ ያትማል። ልጆቹ ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘርግተው «ሌላ መስኮት» ይከፍታሉ። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአምስት ልጅ አንድ ወረቀት ይበቃል።

«ተማሪው መደበኛውን ምንባብ እንኳ ማንበብ ተስኖታል» የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ። እሱን በቀላሉ አላየውም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ሁላችንም ደንግጠናል፣ ሁላችንም ጥያቄ እያሠራን ነው። ግን አስቡት። ስም፣ ቀን፣ አድራሻ፣ የድርጅት ማንነት መፈለግ ከረጅም ምንባብ ይልቅ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ያነሰ ነው። ደካማው ተማሪ የሚጀምርበት በር ነው። ለማንበብ ምክንያት ያገኘ ልጅ ደግሞ የበለጠ ያነባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዞኑ ሞዴል ፈተና ሲያዘጋጅ ከንባብ ጥያቄዎች ሁለቱ እንኳ «ይህን ማን ጻፈው? ለምን? ከየት ታረጋግጣለህ?» የሚሉ ይሁኑ። ፈተና ላይ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ ይገባል፤ የሌለ አይገባም። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች መምህራን በክላስተር ስንሰበሰብ አንድ ከሰዓት ለዚህ ይሰጠን። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ርዕስ ስንፈልግ የምንቸገር መምህራን አለን፤ ይኸው ርዕስ። ፎቶ ኮፒ ወረቀት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ወረዳው ጥቂት ደስጣ ይመድብ።

ከእናንተ ከራሳችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ማስታወቂያ ስታወጡ ቀኑን፣ የኃላፊውን ስምና የወጣበትን ክፍል በግልጽ ጻፉበት። የመምሪያውን ትክክለኛ የፌስቡክና የቴሌግራም አድራሻ አትማችሁ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ማህተም ያለበት ወረቀት ፎቶ ብቻ ሲዞር፣ ማህተም ዛሬ በስልክ እንደሚሠራ ተማሪውም ያውቃል። «ይሄ እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?» ሲለኝ ሊያመሳክርበት የሚችል ነገር ልጠቁመው እፈልጋለሁ።

ክፍል ውስጥ የሞከርኳቸውን ወረቀቶች፣ የኦክቶፐሱን፣ የደብረ ብርሃኑን፣ የስኮላርሺፑን፣ ለመጪው የክላስተር ስብሰባ ይዤ እመጣለሁ። የሚፈልግ መምህር ኮፒ ያድርጋቸው፣ የተሻለ ያለው ያምጣ። ለሞዴል ፈተናው ሁለቱን ጥያቄዎችም አርቅቄ መላክ እችላለሁ። ለማን እንደምልክ ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ